ጅቦ በአዲሷ መኪና ረካ ወይ?

አንድ ጊዜ፣ አውሬ ሁሉ በእግሩ መሄድ ሰልችቶት መኪና ላይ በወጣበት ዘመን፣ አያ ጅቦ አንዲት አሮጌ መኪና ነበረችው። መኪና ነበረችው ብቻ ብዬ ባልፍ እሱም አይወድልኝም። አፍንጫዋ ረጅም፣ ቀለሟ የበሰለ በርበሬ፣ ሞተሯ ባለ ስምንት ፒስተን ነበረች። ጠዋት ሲያስነሳት ከኮረብታው ጫፍ እስከ ወንዙ ዳር ያለው ቤት ሁሉ ይንቀጠቀጣል። ብርጭቆ ከመደርደሪያ ይወርዳል፤ ያረገዘች ሚዳቋ ሆዷን ትይዛለች፤ ጫጩት የገባበት አይታወቅም። እሱ ግን ወደ ኋላ ዞሮ ይንበረከክና ጆሮውን ጭስ ማውጫዋ ላይ ደቅኖ ዓይኑን ይጨፍናል። ጭሱ ፊቱን ቢያጠቁረው ግድ የለውም። ምራቁን እየዋጠ ያዳምጣታል።

ነገረኛ አትበሉኝ እንጂ፣ ጅቦን ሌላ ምንም ነገር አጥግቦት አያውቅም። ሠርግ ቤት ይጠራል፤ ለአርባ እንግዳ የተሰናዳውን ብቻውን ይጨርስና ምሳው መቼ ነው የሚቀርበው ብሎ ይጠይቃል። ልቅሶ ቤት ይሄዳል፤ ከሟቹ ይልቅ ለንፍሮው ያለቅሳል። ያቺ መኪና ላይ ሲወጣ ግን ፊቱ ይለወጣል። ማርሽ ሲቀይር ከንፈሩን ይልሳል፤ ቤንዚኑን ሲረግጥ ሆዱም አብሮ ያጓራል። ሲወርድ ደረቱን እየዳበሰ «ዛሬስ ጠገብኩ» ይላል። ጅብ ጠገብኩ ሲል የሰማ አውሬ ከዚያ በፊት አልነበረም።

ከኮረብታው ወደ ወንዙ የሚወስደው መንገድ አንድ ነው። ቁልቁለት ነው፣ ጠመዝማዛ ነው፣ መጨረሻው ላይ ወፍጮ ቤት አለ። መኪና ያለውም የሌለውም በዚያው ነው የሚሄድ። የሌላቸው አህዮች ናቸው። ሌላው ሁሉ መኪና ላይ ሲወጣ እነሱ ለምን ቀሩ ቢባል፣ ጭነቱን ማን ይሸከም ነው መልሱ።

ከአህዮቹ መካከል አንድ ወንድምና አንዲት እህት ነበሩ። ወንድምየው ዳለቻ ይባላል። አርጅቷል፤ ጉልበቱ ከድቶታል፤ በየመታጠፊያው ቆም እያለ ጭነቱን በጎኑ ያስተካክላል። እህቱን አህዪት ይሏታል። እሷ ከፊት ከፊት ትሄዳለች፤ ማን ማንን እንዳገባ፣ ማን ከማን እንደተኮራረፈ እያወራችለት፣ እሱ ከኋላ «እሺ፣ ከዚያስ?» እያለ፣ የሰፈሩን እህል ሲያወርዱ ዱቄቱን ሲያወጡ ዕድሜያቸውን ጨርሰዋል።

የአውሬው ሁሉ አለቃ አያ አንበሶ ነበር፤ እሱም ስለዚያ መንገድ አንድ ሕግ አውጥቷል። በመንገዱ ላይ አህያ የነካ ጅብ ወዮለት። ሆኖም በራሱ ጊዜ መንገድ ላይ የሞተ አህያ ቢገኝ፣ መንገዱ እንዳይገማ ጅብ ያንሣው። ጅቦ ሕጉ ሲነበብ ቆሞ ነበር፤ ከሁለቱ ቃል የኋለኛዋን ብቻ ይዞ ወደ ቤቱ ገባ።

ይሁን እንጂ አህያ መንገድ ላይ አይሞትም ነበር። የጅቦ መኪና ገና ኮረብታው ላይ ስትነሳ ታች ያለው ሁሉ ይሰማታል። አህዮቹ ሰምተው፣ ጭነታቸውን አስተካክለው፣ ተራ በተራ ከመንገዱ ወርደው ቁጥቋጦ ውስጥ ይቆማሉ። እሱ አቧራውን አስነስቶ ያልፋል፤ እነሱ አቧራቸውን አራግፈው ይወጣሉ። ለጅቦ ሙዚቃ የሆነው ያ ጩኸት ለእነሱ ዕድሜ ነበር። ይህንን ነገር ከአህዮቹ ሌላ ልብ ያለው አንድ ብቻ ነው፤ እሷም እመት ቀበሮ ነች።

አንድ ቀን ጅቦ በረፋድ ፀሐይ ደጁ ላይ ተጋድሞ ያንቀላፋል። የሆነ ነገር ጅራቱን ነካ አደረገው። ዓይኑን ሲገልጥ ጎማ ነው። ከጎማው በላይ እንደ ወንዝ ድንጋይ የተወለወለች ግራጫ መኪና፣ በመስኮቷ ደግሞ እመት ቀበሮ ጥርሷን ገልጣ።

«ከየት መጣሽ?» አለ ብድግ ብሎ። «ምንም አልሰማሁም።»

«እሱን ነው ይዤልህ የመጣሁት» አለችው።

ጅቦ መኪናዪቱን ዞራት። አሸተታት፤ የቤንዚን ሽታ የላትም። ሞተሯን አስነሽልኝ አላት፤ ተነስቷል አለችው። ጆሮውን ኮፈኗ ላይ ለጠፈ። ትንሽ ቆየና በሐዘን ራሱን ነቀነቀ።

«ሞታብሻለች፣ እመት ቀበሮ።»

«አልሞተችም። በመብራት ነው የምትሄደው። ወፍጮ ቤቱ ሶኬት ላይ ትሰካታለህ፣ ሞልታ ታድራለች። ነዳጅ የሚባል አትበላም።»

ይህን ሲሰማ ደነገጠ። በጅቦ ቤት የማይበላ ነገር ወይ ታሟል ወይ አልቆለታል። «ምንም አትበላም? አጥንት እንኳ?» ሲል ጠየቀ። ምንም ስትለው እንዲህ ያለች ምስኪን በምን ጉልበቷ ትሮጣለች ብሎ ከልቡ አዘነላት።

ቀበሮ ግን ውጣና ንዳት አለችው። ወጣ። እግሩን ገና ከማሳረፉ ጀርባው ወንበሩ ላይ ተለጠፈ፤ ምላሱ ወደ ጉሮሮው ተመለሰ። መንገድ ላይ አያ ነብሮ ማንም ቀድሟት በማያውቅ መኪናው ሲበር አገኘው፤ አልፎት ሄደና ወንዙ ዳር ደርሶ ቆሞ ጠበቀው። ነብሮ ሲደርስ አፉን ከፍቶ ነበር። ጅቦ ወደ ላይ ተመልሶ ከመኪናዋ ሲወርድ ቀበሮ ፊቱን አይታ ገረማት፤ ያኮረፈ ልጅ ይመስላል።

«ፈጣን ነች» አላት። «እሱን አልክድም። ግን አልጠገብኩም።»

ምን ጎደለህ አለችው። ለመናገር ተቸገረ፤ ቃል የሚያውቀው ስለ መብል ብቻ ነውና በመብል ነገራት። ሥጋ ሳያኝኩ እንደ መዋጥ ነው አላት። ይገባል፣ ይወርዳል፣ ሆድ ውስጥ ነው፣ ጥርስ ግን ምንም አላገኘ። ያቺ አሮጌዋ ትንቀጠቀጣለች፣ ትቆጣለች፣ ማርሿን ካልሰማህላት ትንከሻለች፤ እጅም እግርም ጆሮም ሥራ አለው። ይቺ ታስቀምጥሃለች፣ ታደርስሃለች። ሲያልፍ ደግሞ ማንም ዞሮ አላየውም። በዚህኛው ላይ ሲደርስ ድምፁ ተሰበረ።

ቀበሮ ጠጋ አለች። ጅቦን ማሳመን ከፈለጉ ወደ ሆዱ መሄድ እንጂ ወደ ጭንቅላቱ መንገድ እንደሌለ ታውቃለች።

«አያ ጅቦ» አለችው ዝቅ አድርጋ፣ «ድምፅ ሳይሰማ ቀርቶ ከመንገድ ያልወረደ አህያ፣ መኪና ቢያገኘው በማን ጥፋት ሞተ ይባላል?»

«በማን?»

«በራሱ።»

ጅቦ ለረጅም ጊዜ አሰበ። ሲያስብ ከአፉ ምራቅ መውረድ ጀመረ፤ ያኔ ቀበሮ እንደገባው አወቀች። ውላቸው አጭር ነበር፤ መኪናዋ የሱ ትሆናለች፣ መንገድ ላይ ከሚነሳው ሁሉ ጉበቱ የሷ ነው።

በማግስቱ ቀትር ላይ ጅቦ ግራጫዋን ይዞ ቁልቁል ወረደ። ቅጠል እንኳ አልሰማውም። ዳለቻና አህዪት ጤፍ ተጭነው መታጠፊያው ላይ እያወሩ ይሄዳሉ፤ ጀርባቸው ለሱ ነው። ቀበሮ ከኋላ ወንበር ላይ አድብታ ጥፍሯን ትቆጥራለች። ሃምሳ እርምጃ ቀረው፤ ሠላሳ ቀረው። ቁልቁለቱ ሲያጣድፈው፣ ነፋሱ ጆሮውን ሲመታው፣ ጅቦ ልቡ መቻል አቃተው። አፉ በራሱ ጊዜ ተከፈተ።

«ድድድድድ… ግርርርርር…»

ማርሽ ሳይቀር ቀየረ፤ በአፉ። አህዮቹ ዞሩ፣ አዩ፣ ሁለቱም ከመንገዱ ዘለሉ። ዳለቻ ቁጥቋጦው ውስጥ ቆሞ ጅቦ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ እንደ ሞተር እያጓራ ሲያልፍ አየና እስኪያስለው ሳቀ። «ሰውዬው ቤንዚኑን መጠጣት ጀመረ መሰል» አላት ለእህቱ።

ቀበሮ አብዳ ነበር። ወንዙ ዳር አስቁማ የስድብ ዓይነት አወረደችበት። ጅቦ ጥፋቱን አመነ፤ ግን እኔ ምን ላድርግ፣ አፌ ነው አላት። በሁለተኛው ቀን ምሎ ወጣ፤ ሠላሳ እርምጃ ሲቀረው አጓራ። በሦስተኛው ቀን አፉን በእጁ ያዘ፤ መሪውን ለቀቀና ጉቶ ሊገጭ ሲል እንደገና አጓራ። አህዮቹም ለመዱት። መኪናዋ ዝም ብትልም ነጂዋ አይልም ተባባሉ። እንግዲህ ልብ በሉ፣ በእነዚያ ሦስት ቀናት እነዚያን ምስኪኖች በሕይወት ያቆያቸው የጅቦ አለመርካት ነው። የሱ ደግነት አይደለም፣ የማንም ሕግ አይደለም።

በአራተኛው ቀን ቀበሮ ጠፍር ይዛ መጣች። የጅቦን አፍ ከላይና ከታች ገጥማ፣ ሦስት ዙር ጠምጥማ፣ ከጆሮው ኋላ ቋጠረችው። ያን ቀን እሷ አልተሳፈረችም፤ መታጠፊያው አጠገብ ካለው ድንጋይ ጀርባ ሄዳ ተቀመጠች። ጅቦ አፉን ታስሮ ወረደ።

አህዪት ከፊት ነበረች። የዝንጀሮን ልጅ ሠርግ እያወራች ነበር፤ ሙሽራው ሚዜዎቹን ጥሎ ብቻውን እንደመጣ። ዳለቻ እንደ ልማዱ ቆም ብሎ ጭነቱን በጎኑ እያስተካከለ ነው። «እሺ፣ ከዚያስ?» አላት። እሷም ቀጠለች። ሙሽራዪቱ ምን እንዳለች ነግራው እንዲስቅላት ጠበቀች። አልሳቀም። ጆንያ ሲወድቅ ነው የሰማችው፤ ሌላ ምንም። ዞር ስትል ጤፉ መንገዱ ላይ ፈሷል፤ ግራጫዋ መኪና ቆማለች፤ ወንድሟ ከጎማው ሥር ነው።

ቀበሮ ከድንጋዩ ኋላ ሮጣ መጥታ የጅቦን ቋጠሮ ፈታች። ጠፍሩ አንገቱ ላይ ተንጠለጠለ። አህዪት አየችው፤ ምን እንደሆነ ግን ያኔ አልገባትም፤ ዓይኗም ልቧም ሌላ ቦታ ነበር። ቀበሮ ከንፈሯን መጠጠች። በራሱ ጊዜ ነው የሞተ አለች፤ መሐል መንገድ ቆሞ። ሕጉም ስለሚያዝ መንገዱ ሳይገማ ይነሣ አለች። አነሱትም። እህቱ እያየች፣ ጤፉ ላይ፣ አንዱ ጉበቱን ሌላው የቀረውን። ዕድሜዋን ሙሉ የሸክም ባልንጀራዋ የነበረውን በአንድ ትንፋሽ ጊዜ ጨረሱት። ይህን የሚያነብ ሁሉ እዚህ ላይ ቆም ይበልና ቢያንስ ይናደድ።

አህዪት በማግስቱ አያ አንበሶ ዘንድ ከሰሰች። አንበሶ ትልቁ ሾላ ሥር ችሎት ተቀመጠ፤ አውሬው ሁሉ መኪናውን በዙሪያው አቁሞ ተሰበሰበ። እሷ ነገሯን ተናገረች። ወንድሜ ምንም አልሰማም፣ እኔም አልሰማሁም፣ መኪናዋ ድምፅ የላትም፤ ወይ ድምፅ ይደረግላት ወይ ከመንገዱ ትውጣ አለች። ጥያቄዋ ይኸው ነበር።

ከዚያ እመት ቀበሮ ተነሳች። አቤት ስታለቅስ ብታዩአት። ለዳለቻ ነፍስ አዘነች፣ ለእህቱ መጽናናትን ተመኘች፣ ከዚያም እንባዋን ጠርጋ ነገሩን አዞረችው። ዋናው ጉዳይ ሌላ ነው አለች። አገሩ በዚህች መኪና ለሁለት ተከፍሏል፤ የድሮ መኪና የሚነዱ ጌቶች በአዲሲቱ ይረካሉ ወይስ አይረኩም፣ ይህ ሳይለይ ስለ ድምፅ እንዴት ይፈረዳል? ድምፅኮ የእርካታ ጉዳይ ነው አለች።

እዚያ የተሰበሰበው ሁሉ የሚጠብቀው ይህን ነበር። አያ ነብሮ ዘሎ ተነሳ። ያቺ መኪና ስትቀድመው ለሁለት ቀን ምግብ አልበላም ነበር፤ በሦስተኛው ቀን ግን ልቡ ተሸንፎ ወደዳት። ፍጥነት ነው ስንል የኖርነው፣ ፍጥነት መጣልን፤ አሁን ደግሞ ጭሱ ቀረ ብለን እናልቅስ? አለ። ዝምታዋ ራሱ ውበት ነው፤ እኔም ስሄድ ኮቴዬን አላሰማም አለ።

ጋሽ ከርከሮ መለሰለት። ጋራዥ ከፍቶ ሠላሳ ዘመን የኖረ ነው፣ ጥፍሩ ውስጥ ያለው ዘይት በውኃ አይለቅም። «ኮፈኗን ስከፍት ባዶ ነው» አለ። «እጄን የት ላግባ? ምኗን ላጥብቅ፣ ምኗን ላላላ? መኪናን እንደ ታመመ ዘመድ ጎኗ ተቀምጠህ ማስታመም አለብህ። ይቺ ታማ አታውቅም፤ ያልታመመን ማን ይወዳል?»

ገሚሱ አጨበጨበለት። ከእነሱም አንዱ፣ መብራት ሲጠፋ ምን ልትሆኑ ነው ብሎ በነብሮ ጎን በቆሙት ላይ አላገጠ። አያ አንበሶ ራሱ፣ ዳኛው፣ ጢሙን እያሸ ገባበት። እውነት ለመናገር እኔ ሳልፍ ማንም ካልደነገጠ አለፍኩ ማለት ይከብደኛል አለ። ከዚያ ስለ ክብደቷ፣ ከዚያ ስለ ጎማዋ፣ ከዚያ ጥምዝ ላይ እንዴት እንደምትተኛ። ከጠዋት እስከ ቀትር። ዳለቻ የሚል ስም ከአንድ አፍ አልወጣም። አህዪት መሐላቸው ቆማለች፤ ገፋ አድርገዋት ያልፋሉ፤ አንዱማ የመኪና ሥዕል አፈር ላይ ሲስል እግርሽን አንሺልኝ አላት።

በመጨረሻ ቀበሮ አስታራቂ መስላ አንድ ሐሳብ አቀረበች። ድምፅ ማጉያ አለ፤ መኪናዋ ሆድ ውስጥ ይገጠምና የአሮጌዋን ጩኸት ይጮኻል። አህዪት ይህን ስትሰማ ጆሮዋ ቆመ። ይገጠም አለች፤ ዛሬውኑ ይገጠም፣ የምንለምነው ይኸንኑ ነው።

ማን ይስማት። ነብሮ የቆንጆዋን አፍ በውሸት ጩኸት አታበላሹብኝ አለ። ከርከሮ ደግሞ መሬቱን በእጁ መታ። «ቴፕ ልንነዳ ነው?» አለ። «ያልተቃጠለ ቤንዚን ድምፅ ሰማሁ ብዬ ልጆቼ ፊት ልቆም? ወይ እውነተኛው ይሁን ወይ ጭራሽ ይቅር።» ቀኑን ሙሉ ሲናከሱ የዋሉት ሁለቱ ወገኖች በዚህ በአንዱ ነገር ተስማሙ፤ ድምፁ አይገጠምም። አንዱ ስለማያምርበት፣ አንዱ እውነተኛ ስላልሆነ። አህያ ይሙት እንጂ የማንም ጆሮ ቅር አይበለው ማለት ነው። ቀበሮ ይህ እንደሚሆን አስቀድማ ታውቅ ነበር፤ ለዚህም ነው ያነሳችው።

አህዪት ግን ሲከራከሩ ዝም ብላ አልቆመችም። በልቧ እያያያዘች ነበር። ሦስት ቀን ያጓራ ጅብ በአራተኛው ቀን ለምን ዝም አለ? ያ አንገቱ ላይ የተንጠለጠለው ጠፍርስ ምንድን ነው? ወደ አንበሶ ጠጋ ብላ አንድ ጥያቄ ብቻ ልጠይቅ አለች። ጠይቂና ነገሩን እንጨርሰው አላት፤ ርቦት ነበር።

ዞራ ከሁሉም ኋላ ጭብጥ ብሎ የተቀመጠውን ጅቦን አየችው። ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም፤ ንዴቷ ከዚያ አልፎ ነበር።

«አያ ጅቦ፣ ከጠዋት ጀምሮ ሁሉም ስላንተ እርካታ ያወራል፤ አንተን የጠየቀህ ግን የለም። እኔ ልጠይቅህ። በአዲሷ መኪና ረካህ ወይ?»

ጅቦ ዓይኑ እንባ ሞላ። እውነቷን ነው፣ ማንም ጠይቆት አያውቅም። ቀበሮ ሳል ያዛት፤ አልሰማትም።

«አልረካሁም፣ እመት አህዪት» አለ። «ፍጥነቷስ ይሁን። ግን አንቺው ፍረጂኝ፣ አፉን በጠፍር ታስሮ መኪና የሚነዳ ምን እርካታ አለው?»

ሾላው ሥር ያለው ሁሉ ወደ ጅቦ ዞረ።

«አፍህን ማን አሰረህ?» አለ አንበሶ ቀስ ብሎ።

«እመት ቀበሮ ነቻ። አፌ አልቻል ብሎ ሲያጓራ አህዮቹ እየሰሙ ይሸሻሉ፤ እንዳይሰሙ ብላ ነው። ቃሌን ግን አላጠፍኩም፣ ጌታዬ፤ ጉበቱን ለሷ ነው የሰጠሁት።» ይህን ሲል ደረቱን ነፋ። ታማኝነቱ የሚያስመሰግነው መስሎት ነበር።

አንበሶ ወደ ቀበሮ ዞረ። ቦታዋ ባዶ ነው። ግራጫዋም መኪና ከቆመችበት የለችም። ያ ሁሉ ጆሮ፣ የአንድን ሞተር ጩኸት ከሌላው ለይቶ በስሙ የሚጠራ ጆሮ፣ ስትሄድ አልሰማትም።

እንግዲህ አንበሶ አፈረ፤ ባያፍርማ ጉድ ነበር። በነገር ተይዘን ቆየን አላት ለአህዪት። ከዚህ በኋላ መንገድ ላይ የሞተን አህያ ወገኖቹ ይቅበሩት እንጂ ጅብ አይጠጋው ብሎ ፈረደ፤ ጅቦም የትኛዋንም መኪና መሪ እንዳይጨብጥ። የድምፁን ነገር ሲያነሳ ነብሮና ከርከሮ ሁለቱም መሬት መሬት አዩ፤ ይገጠም ተባለ፤ የሚከራከር አልተገኘም። ሊገጠምላት የታሰበችው መኪና ግን ሄዳለች።

ጅቦ ተንበርክኮ ነበር። አንድ ነገር ለመነ። አልነዳትም አለ፤ ከቆመችበት አላንቀሳቅሳትም፤ አሮጌዋን በሳምንት አንድ ቀን አስነስቼ ልስማት ብቻ። እንባው በአፍንጫው ይወርዳል። እውነተኛ እንባ ነበር፤ ከርከሮ አብሮት አለቀሰ። አንበሶም ልቡ ራራና ወደ አህዪት ተመለከተ፤ እንደ ፈቃድሽ አላት።

ሁሉም አይዞሽ፣ እሺ በይው በሚል ዓይን ያይዋታል። ምን አለበት፣ ሞተር ማስነሳት አይደል።

«አይሆንም» አለች አህዪት። «ወንድሜን ሲበላ እርካታው ምን ይሆናል ብላችሁ የተጨነቃችሁለት ይበቃዋል። እሱም እንደኔ ዝምታውን ይስማው።»

አውሬው ተበተነ፤ መኪኖቹ አንድ በአንድ እየተነሱ ሄዱ። ነብሮና ከርከሮ ገና ሾላውን ሳያልፉ፣ አዎ ግን ድምፅ ማጉያው ጥሩ ሆኖ ቢሠራ ኖሮ ምን ነበረበት፣ የለም ጥሩ ቢሆንም ውሸት ነው፣ እየተባባሉ እንደገና ጀምረው ነበር።

አህዪት በነጋታው ጠዋት ወደ ወፍጮ ቤት ወረደች። ሁለት ጆንያ ተሸክማለች፤ የሷንም የሱንም። ወሬ የምታወራለት የለም። ጆሮዎቿን ወደ ኋላ አዙራ፣ በየአሥር እርምጃው ቆም እያለች፣ ዞር ብላ መንገዱን እያየች ሄደች።

ከዚህ የምንማረው፣ አዲስ መኪና የድሮውን ነጂ ያረካዋል ወይስ አያረካውም ብለን ቀኑን ሙሉ ከመጨቃጨቃችን በፊት፣ በዚያው መንገድ ላይ ሸክሙን ይዞ በእግሩ የሚሄደውን «አንተስ እንዴት ነህ?» ብለን ካልጠየቅን፣ ከገጪው ባልተናነሰ እኛም የደሙ ተካፋዮች መሆናችንን ነው።